መጀመሪያ ጆሮ ይታይ

ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጓደኛው ሙዚቃ ነው። ሰሞኑን «ዜማው ይሰማኛል፣ ግጥሙ ግን አይለይልኝም» እያለ ባለ 50 ዋቱን አምፕሊፋየር በባለ 100 ልቀይር ብሎ ተነሣ። ልጃችን ደግሞ «አባዬ፣ ይልቅ ስፒከሩን ቀይር» ይለዋል። ከሁለቱ ልጁ ይሻላል። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሯችን እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ 10 እጥፍ ዋት ይፈልጋል። የድምፁን ጥራት በይበልጥ የሚለውጠው ስፒከሩ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። የልጅ ልጃችን ስታናግረውም «ምን አልሽ?» ማለት አብዝቷል። በዕድሜ የደከመ ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ «ሰ» እና «ፈ» ይምታቱበታል። ድምፅ መጨመር ይህን አያጠራውም። 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ደግሞ ጆሮ ሳይጎዳ የሚያዳምጥበት ጊዜ በግማሽ ያጥራል። አጠገቡ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ልጅም ጆሮ አላት።

«መጀመሪያ ጆሮህን እንታይ» ብለው አኮረፈ። ምናልባት ኩክ ብቻ ይሆናል፤ በክብሪት እንጨት እንዳይነካካው ግን ለምኜዋለሁ። ሐሙስ ቀጠሮ አለን። ገንዘቡ እስከዚያ እኔ ዘንድ ነው።