ዳቦ በድንች ያሳፈረን እኛው ነን

ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር ካፌ ቁጭ ብለን የልጅነት ምሳ ዕቃችንን ስናነሳ ሁሉም ምራቁን ዋጠ። ዳቦ በድንች! ዳቦ በስልስ! ዳቦ በማርማላታ! «አይ ያ ጊዜ!» ተባለ። ይቅርታ አድርጉልኝና ውሸታችንን ነው።

እስኪ እውነቱን እናውጋ። ዳቦ በድንች የያዘ ልጅ ምሳ ዕቃውን በክዳኑ ከልሎ አልነበር እንዴ የሚበላው? እኔ ከልያለሁ። እናቴ ማታ ድንቹን ቀቅላ፣ በሽንኩርትና በእርድ አቁላልታ፣ ጠዋት ፉርኖውን ሰንጥቃ የሞላችልኝን ምግብ፣ ጥብስ ይዛ ከምትመጣ ልጅ ፊት አፍሬበታለሁ። ያው ድንች ዛሬ ካፌ ውስጥ «ሳንድዊች» ተብሎ በሳህን ሲቀርብ ግን ማንም አያፍርም፤ እንዲያውም ፎቶ እናነሳዋለን። ስለዚህ ያሳፈረን ምግቡ አልነበረም፤ ድህነቱ ነው።

ደግሞስ ባዶ እጁን መጥቶ «አልራበኝም» ይል የነበረው ልጅ በማን ትዝታ ውስጥ ነው ያለው? የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ልጆችን የሚመግቡት «ያ ጊዜ» ጣፋጭ ስለነበረ አይደለም። ሆዱ ባዶ የሆነ ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ስለማይገባው ነው።

ትዝታ አትውደዱ አላልኩም። እኔም ያንን ድንች አሁን ባገኘው እጄን እልሳለሁ። ግን ስናወራ እፍረታችንንም፣ የእናቶቻችንን ድካምም፣ የተራበውን ልጅም ጨምረን እናውራ። አለዚያ ዝም ብለን ሳንድዊቻችንን እንብላ።