ሐዲዱን ማሽን ሲዘረጋው ሠራተኛውስ?



ቻይና በሰዓት 350 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ባቡር በቤጂንግና በቲያንጂን መካከል ሥራ ያስጀመረችው በ2000 ዓ.ም. ነበር። ዛሬ የፈጣን ባቡር መስመሯ ከ45 ሺህ ኪሎ ሜትር በልጧል። ይህ ሁሉ በዶማና በአካፋ አልተሠራም። 32 ሜትር ርዝመትና 900 ቶን ያህል ክብደት ያለውን የድልድይ አካል አንድ ግዙፍ ማሽን ተሸክሞ ወስዶ ምሰሶው ላይ ያስቀምጠዋል። 500 ሜትር የሚረዝም ሐዲድም በማሽን እየተሳበ ይነጠፋል። ፌራዮው፣ አናጢውና የቀን ሠራተኛው በመስመሩ ላይ የነበራቸው ቦታ ይጠባል።

እኛ የማሽን ጠላቶች አይደለንም። የቀድሞው ምድር ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ድሬዳዋ ራሷ የሐዲድ ልጅ ብትሆንም ያ ድካም ይመለስ የሚል ሰው አይገኝም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር፣ ከፈጣኖቹ ባይመደብም፣ የገነቡት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። ነገ የሚመጣው ተቋራጭም ማሽኑን ይዞ ይመጣል።

የእኛ ጥያቄ በሕጉ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሲቀነስ አሠሪው ከሠራተኛው ማኅበር ወይም ተወካይ ጋር እንዲመክር ያዛል። አንቀጽ 30 ግን የግንባታ ሥራ ደረጃ በደረጃ እየተጠናቀቀ ሲሄድ የሚደረገውን ቅነሳ ከዚህ ሥርዓት ያስወጣዋል። ማሽኑ የዓመታቱን ሥራ በወራት ሲጨርሰው ሕጉ ሠራተኛውን የሚያየው ሥራው እንዳለቀበት ሰው እንጂ ማሽን እንደተካው ሰው አይደለም። ፌራዮው ማታ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ የቤት ኪራዩ ግን አይሰረዝለትም።

ስለዚህ ብንመረጥ ይህን አንቀጽ እናሻሽላለን። በማሽን ምክንያት የሚመጣ ቅነሳ ያለ ምክክርና ያለ በቂ ማስጠንቀቂያ እንዳይፈጸም እናደርጋለን። በሕዝብ ገንዘብ ለሚሠራ መስመር የሚጫረት ተቋራጭ የትኛውን ሥራ በማሽን እንደሚሠራና ስንት ኢትዮጵያውያን ኦፕሬተሮችን እንደሚያሠለጥን በውሉ ላይ እንዲያሰፍር እንጠይቃለን። የጅቡቲውን መስመር የማስኬዱን ሥራ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ባለሙያዎች ከቻይናውያን በ2016 ዓ.ም. ተረክበዋል። ባቡር ነጂ ማሠልጠን ከተቻለ የሐዲድ ማንጠፊያ ኦፕሬተር ማሠልጠን የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም።

ተቋራጩ በዋጋው ላይ ይጨምራል የሚሉን አሉ። አዎን፣ ይጨምር ይሆናል። ጭማሪው በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ እስከ ዛሬ ይህን ወጪ ያለ ውል ሲከፍል የኖረው የተሰናባቹ ቤተሰብ ነው።