ሕክምናው አልቆ ድካሙ ሲቀር

የመጨረሻው የኬሞቴራፒ ወይም የጨረር ሕክምና ቀን ሲያልፍ ቤቱ በደስታ ይሞላል። ዘመድ ጎረቤቱ «እንኳን እግዜር ማረሽ» እያለ ይመጣል። ሳምንታት ሲቆጠሩ ግን ያልታሰበ ነገር ይከሰታል። ፀጉሯ ማደግ የጀመረው፣ ምርመራዋም ደህና የተባለው እናት ሌሊቱን ተኝታ አድራ ጠዋት ለመነሳት ይከብዳታል። ሽንኩርት ከትፋ ሳትጨርስ ጉልበቷ ይከዳታል። እሷ በልቧ «ተመልሶብኝ ይሆን?» ብላ ትፈራለች። አንዳንዱ ደግሞ «መተኛት ለመደች» ብሎ ያማታል።

በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማህፀን በር ካንሰር በመሆናቸው «እናት» አልን እንጂ ነገሩ አባትንም ይመለከታል። ይህ ድካም ስንፍና አይደለም፤ በሽታው ተመለሰ ማለትም ላይሆን ይችላል። ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት፣ ከካንሰር ሕክምና ጋር በብዛት የሚመጣ ችግር ነው። ብዙውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ በአንዳንዶች ላይ ግን ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ይቆያል። ከተለመደው ድካም የሚለየው እረፍት ብቻውን የማያስለቅቀው መሆኑ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ ለታማሚ ፍቅራችንን የምንገልጸው «ተይ አትነሺ፣ እኔ አመጣልሻለሁ» በማለት ነው። በሕክምናው ከባድ ቀናት ይህ ተገቢ ነው። ወራት ሲሆነው ግን ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ልብና ሳንባም ሥራ ይፈታሉ። ያኔ ትንሹ ሥራ ሁሉ ያደክማል፤ ድካሙም መልሶ ወደ አልጋ ይመራል።

መጀመሪያ ሐኪም። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ መዛባት፣ ሕመም፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶችና ድብርት ድካምን ያብሳሉ፤ ለየራሳቸውም መፍትሔ አላቸው። ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡ «ደከመኝ» ብቻ አይበሉ። ከ0 እስከ 10 ቢለካ ስንት እንደሆነና ምን መሥራት እንዳቃተዎት ይንገሩት። ደም ሳይመረመሩ የብረት እንክብል አይግዙ። የባህል መድኃኒትም የሚወስዱ ከሆነ ሳይደብቁ ይናገሩ።

እንቅስቃሴ። የደከመን ሰው «ተራመድ» ማለት ጭካኔ ይመስላል። ሆኖም ይህን ድካም በመቀነስ ረገድ በጥናት በደንብ ከተደገፉት መንገዶች አንዱ እንቅስቃሴ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ያስተባበራቸው ባለሙያዎች በሳምንት 3 ቀን ለ30 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ 2 ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይበጃል ብለዋል። መካከለኛ የሚባለው እየተራመዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ነው።

በ30 ደቂቃ አይጀመርም። በግቢ ወይም በሰፈር ለጥ ባለ መንገድ 5 ደቂቃ በቂ ነው፤ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ይጨመርበታል። ለጡንቻ ከወንበር ብድግ ቁጭ ማለት ይበቃል፤ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስም ክብደት ሆኖ ያገለግላል። ካንሰሩ አጥንት ነክቶ ከነበረ፣ ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ ክንድ ካበጠ ወይም እግር ከደነዘዘ ግን አስቀድሞ ሐኪምን ማማከር ግድ ነው።

ጉልበትን እንደ ደመወዝ። የወር ደመወዝ በመጀመሪያው ሳምንት አይጨረስም። ብዙዎች ግን ትንሽ በርታ ያሉ ቀን ልብሱንም፣ ገበያውንም፣ እንግዳውንም አንድ ላይ ያደርጉና ሁለት ቀን ይተኛሉ። ለአንድ ሳምንት በየትኛው ሰዓት እንደሚበረቱ በደብተር ይመዝግቡ፤ ለእርስዎ ዋና የሆነውን ሥራ በዚያ ሰዓት ያድርጉ። የሚቀመጡበት ሥራ በርጩማ ላይ ይሠራ። እረፍትም ከመዛልዎ በፊት ይሁን።

እንቅልፍና ቡና። የቀን እንቅልፍ ከ30 ደቂቃ ባይበልጥና ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ቢሆን የሌሊቱን አይሻማም። ቡናው ይፈላ፣ ወጉም አይቅር፤ የከሰዓቱ ስኒ ግን ቢቀር ይመረጣል። የቡና ኃይል በሰውነት ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል።

ምግብ። በአንድ ጊዜ ብዙ ከመብላት ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ መብላት ይቀላል። ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላልና ወተት ለጡንቻ ይረዳሉ። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ሰውነት ብረትን በደንብ እንዳያገኝ ስለሚያደርጉ ጥቂት ቆይቶ መጠጣት ይሻላል። የሚጾሙ ሰዎች ከሐኪማቸውና ከሃይማኖት አባታቸው ጋር ይመካከሩ።

ከቤተሰብ የሚጠበቀው ደግሞ ቀላል ነው። ጠያቂ ሲመጣ «ዛሬ ግማሽ ሰዓት ብቻ» ለማለት አትፈሩ፤ ታማሚዋ ራሷ ይህን ለመናገር ታፍራለች። ሥራዋን ሁሉ ከመቀማት የምትችለውን ትታችሁላት ከባዱን ተቀበሏት። አያቶች ሆይ፣ የቤቱ ታማሚ እናንተ ከሆናችሁ የልጅ ልጃችሁን የእግር ጉዞ ጓደኛ አድርጉት፤ ልጃችሁ ከሆነች ደግሞ ከጎኗ የሚራመድ ሰው ከእናንተ የተሻለ አታገኝም።

ድካሙ በድንገት ከባሰ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ካመመ፣ ትኩሳት ወይም መድማት ከመጣ፣ ሰውነትም ያለምክንያት ከከሳ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ ይጀመር፦ ደብተሩና የ5 ደቂቃው ጉዞ። ሳምንት በሰላም ያገናኘን።