ስንፈተ ወሲብን በሙቀት መለካት

ስንፈተ ወሲብ የሚባለው የወንድ ብልት ለግንኙነት የሚበቃ ጥንካሬ ማግኘት፣ ወይም ያገኘውን ይዞ መቆየት ሲያቅተውና ይህም ሲደጋገም ነው። በድካም ወይም በመጠጥ አንድ ሌሊት የደረሰ ነገር በሽታ አይደለም። መንስኤው ከሁለት ወገን ይመጣል። አንዱ የአካል ነው፤ የደም ሥር መጥበብ፣ የነርቭ ጉዳት፣ የሆርሞን ማነስ፣ የአንዳንድ መድኃኒቶች ጠንቅ። ሌላው የአእምሮ ነው፤ ጭንቀት፣ ድብርት፣ የትዳር ቅሬታ፣ «ዛሬም እንዳላፍር» የሚል ስጋት። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ይደባለቃሉ፤ ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ የምርመራው ዋና ሥራ የትኛው ወገን እንደሚያይል መለየት ነው።

በኢትዮጵያ ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በስኳር ሕሙማን ላይ ነው። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በስኳር ክትትል ላይ ባሉ ወንዶች የተደረገ ጥናት ከ10ሩ ከ8 የሚበልጡት፣ በሌላ ቦታ የተደረገው ደግሞ ከ10ሩ 7 ያህሉ ችግሩ እንዳለባቸው አሳይቷል። እንዲህ ያሉት ጥናቶች የሚሠሩት በመጠይቅ ነው። በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ 15 ጥያቄዎች ነበሩት፤ በ1999 ወደ 5 አጠረ። መጠይቁ ችግሩ መኖሩንና ክብደቱን ይናገራል፤ ከደም ሥር ይሁን ከሐሳብ ግን አይለይም። በዚያ ላይ መልሱ የሚገኘው ከሰውየው አንደበት ነው። በጋሞ ዞን ከጨንቻ ወይም ከቦንኬ ደጋ ለስኳር ክትትል ወደ አርባ ምንጭ የወረደ ሽማግሌ፣ በልጁ ዕድሜ ያለች ነርስ ፊት፣ አንዳንዴም በጋሞኛ አስተርጓሚ በኩል ስለ መኝታው ሲጠየቅ «ደህና ነኝ» ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። ነውር የሚባለው ነገር እዚህ ላይ የሕክምና መረጃ ያሳጣል።

ሰውነት በበኩሉ ሌሊት ላይ ሳይጠየቅ ይናገራል። ጤነኛ ወንድ በአንድ ሌሊት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ያህል ብልቱ ይቆማል፤ በአብዛኛውም ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ነው፤ አንዱ ዙር ግማሽ ሰዓት ገደማ ሊቆይ ይችላል። ጀርመናውያን ተመራማሪዎች ይህን ዑደት የመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። የተኛ ሰው አያፍርም፣ አይሰጋም። ስለዚህ ቀን ያቃተው ሰው ሌሊት በአግባቡ የሚቆምለት ከሆነ የደም ሥሩና ነርቩ በአመዛኙ ይሠራሉ፤ ችግሩ ወደ አእምሮው ወገን ያጋድላል። ሌሊትም ከሌለ ሐኪሙ የደም ሥር፣ የነርቭ ወይም የእንቅልፍ ችግር ይፈልጋል።

ይህን ለመያዝ ብዙ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1980 የቀረበው ዘዴ የፖስታ ቴምብር ነበር፤ የተያያዙ ቴምብሮች በብልት ዙሪያ ይጠመጠማሉ፣ ጠዋት ከተበጠሱ ሌሊት ቆሟል ማለት ነው። ርካሽ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደቆመና ምን ያህል እንደቆየ ግን አይናገርም፣ በመገላበጥም ይበጠሳል። በ1985 የመጣው ሪጂስካን ሁለት ቀለበቶቹን በየጊዜው እያጠበቀ ዙሪያውንና ጥንካሬውን ይለካል። መረጃው የተሻለ ነው፤ ዋጋው ውድ፣ መያዣው የሚከብድ፣ ሌሊቱን እየጨመቀ እንቅልፍ የሚረብሽ መሆኑ ግን ይጎዳዋል። መርፌ ተወግቶ በዶፕለር አልትራሳውንድ የደም ፍሰትን ማየትም አለ፤ እሱ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል።

የሙቀት ልኬት የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። ብልት ሳይቆም የሚደርሰው ደም ጥቂት ስለሆነ ቆዳው ከሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ይቀዘቅዛል። ሲቆም ከውስጥ የሚመጣው ሞቃት ደም በብዛት ይገባና ቆዳው ይሞቃል። በኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በጤነኛ ወንዶች ላይ ባደረጉት ሙከራ ጭማሪው ከአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ታይቷል። እንዲህ ያለውን ለውጥ ለመያዝ ከሩዝ ፍሬ ያልበለጠ፣ በተራ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ዋጋ የሚገኝ ሴንሰር ይበቃል። አይጨምቅም፣ አያጠብቅም፤ ሰውየው ቤቱ ተኝቶ ጠዋት ይመልሰዋል። ጉድለቱም መታወቅ አለበት፤ ሙቀት የደም መግባትን እንጂ ጥንካሬን አይለካም፣ ብልቱ ከተኛ በኋላም ቆዳው ወዲያው አይቀዘቅዝም። ስለዚህ የመለጠጥ መለኪያ ቢታከልበት ይሻላል። ዘዴው ገና በምርምር ደረጃ ላይ ነው።

በጋሞ ዞን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይነሳል፤ የአየሩ ጠባይ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ በዓባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ጨንቻ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ መንገድ ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ብላ ትቀዘቅዛለች። አርባ ምንጭ በሞቃት ሌሊት ያለ ብርድ ልብስ የተኛ ሰው ቆዳው ቀድሞውኑ የሞቀ ስለሆነ የሚታየው ጭማሪ ያንሳል። ጨንቻ ላይ ደግሞ ከጋቢ መውጣትና መግባት ብቻውን ሴንሰሩን ሊያሳስት ይችላል። መፍትሔው ሁለተኛ ሴንሰር ጭን ላይ ማድረግና የሁለቱን ልዩነት ማንበብ ነው፤ ክፍሉ ሲሞቅ ሁለቱም ይሞቃሉ፣ ብልት ሲቆም ግን አንዱ ብቻ። በአውሮፓ የመኝታ ክፍል የተቀመጠው ወሰን እንዳለ ወደ አርባ ምንጭ ቢመጣ የሚሳሳተው በዚህ ነው። ቆላና ደጋ በአንድ ዞን መኖሩ ግን ለሙከራ ከብዙ ቦታ የተሻለ ዕድል ነው።

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. በውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት የተመሠረተ ተቋም ነው፤ ዛሬ የኤሌክትሪክ ምሕንድስናም የሕክምናም ትምህርት በአንድ ከተማ ይሰጣል። ሴንሰሩን መገጣጠም ለተመራቂ ተማሪ የሚከብድ ሥራ አይደለም። የሚከብደው የሕሙማንን ፈቃድና ምስጢር ጠብቆ፣ ውጤቱን ከሪጂስካን ጋር አመሳክሮ፣ ለቆላውም ለደጋውም ወሰን ማበጀት ነው። ይህ ሥራ ሊሠራ የሚገባው ነው።

ምርመራ በሌለበት ቦታውን የሚይዘው ግምት ነው። ሰው መንስኤውን ሳያውቅ የስንፈተ ወሲብ ክኒን ገዝቶ ይውጣል፤ ለደረት ውጋት ናይትሬት የሚወስድ ከሆነ የደም ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች የቀጠኑ በመሆናቸው ቀድመው ይጠባሉ፤ ስንፈቱ ከልብ ሕመም ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ቀድሞ ሊታይ ይችላል። በስኳር ወይም በደም ግፊት ክትትል ላይ ያለ ወንድ ይህን ለሐኪሙ ይንገር፤ ሐኪሙም ሳይነገረው ይጠይቅ።