ካቴና የሚወልቀው ከፊት፣ ምክንያቱ ከኋላ

ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ክፉ ቅጽበት አለ። ዳገቱ ጠንክሮብዎ ከኮርቻው ተነሥተው፣ የሰውነትዎን ክብደት በሙሉ በአንድ ፔዳል ላይ ጥለው ሳለ፣ እግርዎ ድንገት ባዶ ይረግጣል። ደረትዎ ወደ መሪው ይወረወራል፤ ጉልበትዎ ከብረቱ ጋር ይላተማል። ካቴናው ወልቋል ማለት ነው። ይህ ነገር ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ቢደርስ ጉዳቱ እጅ በቅባት ከመጨማለቅ አያልፍም። ከኋላ መኪና በሚከተልበት መንገድ ላይ ቢደርስ ግን ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንነጋገረው ከፊት አንድ ክብ ብቻ ስላለው የተራራ ብስክሌት ነው። «ክብ» የምለው በፔዳሎቹ መካከል የሚዞረውን፣ ካቴናው የሚጠመጠምበትን ባለጥርስ ብረት ነው። ከኋላ ጎማው ላይም እንደዚሁ በመጠን እየተለያዩ የተደረደሩ ክቦች አሉ። የዚህ ዓይነት ብስክሌት ያላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ካቴናው እየወለቀ አስቸገረኝ፤ የፊቱን ክብ ልለውጠው ወይ?» የሚል ነው። መልሱን ከማወቃችን በፊት የነገሩን አመጣጥ እንመልከት።

የተራራ ብስክሌት የተጀመረው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት ማሪን በተባለው ወረዳ፣ ታማልፓይስ ከተባለው ተራራ ቁልቁል አሮጌ ብስክሌት እያወረዱ በሚወዳደሩ ወጣቶች ነው። በኋላ በፋብሪካ እየተሠራ በዓለም ሲሰራጭ፣ ለረጅም ዘመን የተለመደው ዓይነት ከፊት ሦስት ክብ ያለው ነበር። ትንሹ ክብ ለዳገት፣ መካከለኛው ለሜዳ፣ ትልቁ ለቁልቁለት ያገለግላል። በ2012 እ.ኤ.አ. ስራም የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ከፊት አንድ ክብ፣ ከኋላ ዐሥራ አንድ ክቦች ያሉትን ሥሪት ለገበያ አቀረበ። ከኋላዎቹ ትንሹ 10፣ ትልቁ 42 ጥርስ ነበረው። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኋላዎቹ ቊጥር ዐሥራ ሁለት፣ የትልቁም ጥርስ 50 ደረሰ። የኋላው ይህን ያህል ከሰፋ ዘንድ ከፊት ሦስት ክብ መደርደር ለምን ያስፈልጋል? ስለዚህ አንዱ ብቻ ቀረ። ነጂውም ከአንድ ማርሽ መለወጫ፣ ከአንድ ሽቦና ከብዙ ማስተካከል ተገላገለ።

ነገር ግን፣ ውድ አንባቢ፣ ከቤት አንድ ዕቃ ሲወጣ አብሮት ምን እንደሚወጣ ማስተዋል ይገባል። ሦስት ክብ በነበረ ጊዜ ካቴናውን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር የፊት ካምቢዮ ነበረ። ይህ ካምቢዮ የታወቀ ሥራው ማሻገር ቢሆንም፣ ማንም ያላመሰገነው ሌላ ሥራም ነበረው። ካቴናውን በግራና በቀኝ እንደ አጥር ከብቦ ይይዘው ነበር። የፊቱ ካምቢዮ ተፈትቶ ሲወጣ አጥሩም አብሮ ፈረሰ። እንግዲህ የአንድ ክብ ብስክሌት ጥያቄ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ አጥር በሌለበት ካቴናውን ምን ይያዘው?

መልሱ ሦስት ነገሮች ናቸው። እነርሱም የፊቱ ክብ ጥርስ አቀራረጽ፣ የኋላው ካምቢዮ ውጥረት፣ የካቴናው ርዝመትና ጤንነት ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ሦስቱ ሲተባበሩ ካቴናው በድንጋያማ ቁልቁለት ላይ እንኳ ከቦታው አይነቃነቅም። አንዱ ሲጐድል ግን የሁለቱ ብርታት ብዙ አያዋጣም።

ከጥርሱ እንጀምር። ዛሬ ብስክሌት ሁሉ የሚጠቀምበትን የካቴና ዓይነት በ1880 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፣ በማንቸስተር ከተማ ይሠራ የነበረው ሐንስ ሬኖልድ የባለቤትነት መብት አስመዘገበበት። ካቴናዎን ቀረብ ብለው ቢመለከቱት ቀለበቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ጠባብ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ሰፊ ነው፤ እንዲህ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ምክንያቱም የጠባቡ ጎኖች በሰፊው ጎኖች ውስጥ ገብተው ስለሚያያዙ ነው። በቀድሞው ክብ ላይ ጥርሶቹ ሁሉ ለጠባቡ ቀለበት እንዲበቁ ሆነው በቀጭኑ ይቀረጹ ስለ ነበር፣ በሰፊው ቀለበት ውስጥ የገባው ጥርስ በግራና በቀኝ ክፍት ቦታ ይተርፈው ነበር። በአዲሱ ክብ ላይ ግን አንዱ ጥርስ ወፍራም፣ ቀጥሎ ያለው ቀጭን ሆኖ ይቀረጻል። ወፍራሙ ሰፊውን ቀለበት ይሞላዋል፤ ቀጭኑ በጠባቡ ውስጥ ይገባል። ስለዚህም የጥርሶቹ ቊጥር ሁልጊዜ 30፣ 32፣ 34 እየተባለ ለሁለት የሚካፈል መሆን አለበት። ካቴናውን ሲገጥሙ ወፍራሙን ጥርስ ከጠባቡ ቀለበት ጋር ቢያጋጥሙት አይገባም፤ በጥርሱ ጫፍ ላይ ይንሳፈፍና ጥቂት እንደ ሄዱ ይወልቃል። ብዙ ሰው «አዲስ ገዝቼ ይኸው ወለቀ» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው፣ ይልቁንም ዋናው፣ የኋላው ካምቢዮ ነው። ካቴናው ከፊት ሲወልቅ እያየን ጥፋቱን በፊቱ ክብ ላይ እናደርጋለን። ነገር ግን የሚሆነው እንዲህ ነው። ጎማው በኮብልስቶን ወይም በድንጋይ ላይ ሲነጥር፣ ከታች በኩል ያለው የካቴናው ክፍል እንደ ተወዛወዘ ገመድ ይገረፋል። ያ ማዕበል ወደ ፊት ሄዶ ካቴናውን ከጥርሱ ላይ ያነሣዋል፤ አንዴ ከተነሣ ደግሞ የሚቀጥለው ጥርስ በትክክል አያገኘውም። ማዕበሉን የሚገታው የኋላው ካምቢዮ ረጅም ክንድ ነው። ክንዱን የሚጐትተው ሞላ ብቻ ከሆነ ግን፣ በነጠረ ቊጥር ክንዱ ወደ ፊት ተወርውሮ ካቴናውን ያላላዋል። ሺማኖ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ በ2011 እ.ኤ.አ. ከመኪና ፍሪሲዮን ጋር በሐሳብ የሚዛመድ አንድ ትንሽ መያዣ በክንዱ መሠረት ላይ ጨመረበት። ይህ መያዣ ክንዱ ወደ ፊት እንዳይወረወር በሰበቃ ኀይል ይከለክለዋል። የስራም ፋብሪካም በማግሥቱ ዓመት የራሱን አወጣ።

ይህን ለመፈተን መካኒክ አያስፈልግም። የክንዱን ጫፍ በጣትዎ ይያዙና ወደ ፊት ይግፉት። እንቢ እያለ፣ በዝግታ ከሄደ ደኅና ነው። ያለ ምንም መከላከል ወዲያና ወዲህ ከተወዛወዘ መያዣው ወይ ደክሟል፣ ወይ ተዘግቷል። አንዳንዱ ካምቢዮ ጎማ ለማውጣት እንዲመች መያዣውን የሚያጠፋ ትንሽ ማንሻ አለው። ጎማው ከተመለሰ በኋላ ማንሻውን መመለስ የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ አዲስ ክብ ከመግዛትዎ በፊት ይህችን ማንሻ ይመልከቱ፤ ፈውሱ ያለ ገንዘብ ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛው የካቴናው ርዝመት ነው። የረዘመ ካቴና፣ መያዣው ቢበረታም፣ ሁልጊዜ የላላ ነው። ያጠረ ካቴና ደግሞ ወደ ትልቁ የኋላ ክብ ሲለውጡ ካምቢዮውን ሊሰብር ይችላል። የተለመደው አለካክ እንዲህ ነው። ካቴናውን በካምቢዮው ውስጥ ሳያሳልፉ በፊቱ ክብና በትልቁ የኋላ ክብ ላይ ብቻ ያዙሩት፤ ሁለቱ ጫፎች ከሚገናኙበት ላይ አንድ ጠባብና አንድ ሰፊ ቀለበት፣ ማለት አንድ ኢንች ይጨምሩ። የኋላ ጎማው በሞላ የሚወጣና የሚወርድ ብስክሌት ከሆነ ግን፣ ልኩ መወሰድ ያለበት ሞላው ተጨምቆ ካቴናው ብዙ በሚፈልግበት ቦታ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጤንነቱ እንምጣ፤ ይህ ክፍል ኪስን የሚነካ ስለ ሆነ ጠንቀቅ ብለው ያንብቡት። «ካቴናዬ ተሳበ» ሲባል ትሰማላችሁ። እውነቱን ለመናገር ብረቱ አልተሳበም። ቀለበቶቹን የሚያያይዙት ፒኖች አቧራና ዘይት ተቀላቅሎ እንደ ሞረድ እየበላቸው ስለሚቀጥኑ፣ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ጥቂት ክፍተት ይፈጠራል። ከመቶ በላይ በሆኑ መገጣጠሚያዎች ሲደመር ካቴናው ይረዝማል። የረዘመው ካቴና በጥርሱ መሠረት ላይ መቀመጡን ትቶ ወደ ጫፉ ይወጣል፤ ጫፍ ላይ ያለ ነገር ደግሞ ለመውደቅ ቅርብ ነው።

አለካኩን አንድ ተማሪ በማስመሪያው ሊፈጽመው ይችላል። ከአንዱ ፒን መካከል እስከ ሚቀጥለው ፒን መካከል ያለው ርቀት በአዲስ ካቴና ላይ ግማሽ ኢንች፣ ማለት 12.7 ሚሊሜትር ነው። እንግዲህ ሃያ ቀለበት 254 ሚሊሜትር ይሆናል። የመጀመሪያውን ፒን ዜሮ ብለው ሃያኛው ፒን ላይ ያንብቡ፤ ካቴናው ሲለካ የተወጠረ ይሁን። 255 ሚሊሜትር ከሩብ ሲደርስ በመቶ ግማሽ ያህል አልቋል። ለባለ ዐሥራ አንድና ለባለ ዐሥራ ሁለት የኋላ ክብ ብስክሌት የመለወጫው ጊዜ ይህ ነው። 256 ተኩል ከደረሰ ግን በመቶ አንድ ስለ ሆነ፣ ካቴናው ጥርሶቹን በራሱ መጠን አበላሽቷቸዋል። ያን ጊዜ አዲስ ካቴና ብቻ ቢገጥሙ በአሮጌዎቹ ክቦች ላይ እየዘለለ ያስቸግርዎታል፤ የኋላዎቹን ክቦች በሙሉ፣ ምናልባትም የፊቱን ጭምር መግዛት ይመጣል። ከጥቂት ደመወዙ ቀንሶ ለሚገዛ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ያለ ነገር ነው።

ካቴናውን ለማኖር ቅባትም ያስፈልገዋል፤ ብዛቱ ግን አይጠቅምም። በየመገጣጠሚያው አንዳንድ ጠብታ ያንጠባጥቡ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ጥቂት ያዙሩ፣ ከዚያ በኋላ ከውጭ ያለውን በጨርቅ በደንብ ይጥረጉት። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አይቀቡ፤ በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ራሱ ሞረድ ነው። በክረምት ደግሞ ጭቃ በጥርሶቹ መካከል ሲጠቀጠቅ ካቴናውን ወደ ላይ ስለሚያነሣው፣ ወደ ቤት እንደ ገቡ ማጽዳት ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብዙ ወጣቶች ሦስት ክብ የነበረውን አሮጌ ብስክሌት በርካሽ ገዝተው፣ ሁለቱን ክቦች ፈትተው፣ የፊቱን ካምቢዮም አውጥተው «ዘመናዊ አደረግሁት» ይላሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የቀድሞው ክብ ጥርስ አጫጭር ሆኖ፣ በጎኑም መወጣጫ ተቀርጾበት የተሠራው ካቴናውን አጥብቆ እንዲይዝ አይደለም፤ በቀላሉ ለጎረቤቱ እንዲለቅ ነው። ሊለቅ የተሠራውን ብቻውን አቁሞ «ያዝ» ማለት፣ በር ከፍቶ ሌባን እንደ መለመን ነው። መለወጥ ከፈለጉ ወፍራምና ቀጭን ጥርስ ያለውን ክብ ይግጠሙ። የኋላው ካምቢዮ መያዣ የሌለው ከሆነ፣ የፊቱን ካምቢዮ አያውጡት፤ ሽቦውን ብቻ አንሥተው በማስተካከያ ብሎኖቹ ከክቡ ትክክል ላይ ያቁሙት፤ እንደ አጥር ያገለግልዎታል። ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ የካቴና መጠበቂያም አለ።

በአነዳድም የሚረዳ ነገር አለ። ድንጋያማ ቁልቁለት ሲወርዱ ካቴናውን በትንሹ የኋላ ክብ ላይ አይተዉት፤ በዚያ ላይ ሳለ የክንዱ ሞላ በጣም የላላ ነው። ወደ መካከለኞቹ ይለውጡትና ይውረዱ። በሚያናጥር ቦታ ላይም ፔዳሉን ወደ ኋላ አያዙሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ከወለቀስ? መጀመሪያ ፔዳል መምታቱን ወዲያው ያቁሙ። ካቴናው በክቡና በብስክሌቱ አካል መካከል ገብቶ ከሆነ፣ በእግር ኀይል ማስለቀቅ አካሉን ይፍቃል፣ ካቴናውንም ያጣምማል። ወርደው ከመንገዱ ዳር ይቁሙ። በአንድ እጅዎ የኋላውን ክንድ ወደ ፊት ይግፉት፤ ካቴናው ይላላል። በሌላው እጅ በክቡ ላይ ጥቂት ጥርስ ያስይዙት፤ ሰፊው ቀለበት በወፍራሙ ጥርስ ላይ መዋሉን ያረጋግጡ። ከዚያ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥተው ፔዳሉን በእጅ በዝግታ ያዙሩት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን። መልሰው ካስገቡት በኋላ «ደኅና ነው» ብለው ብቻ አይሂዱ፤ ያው ምክንያት እዚያው ተቀምጦ ይጠብቅዎታልና። በዚያው ቀን ማታ ክንዱን ይግፉ፣ ማስመሪያውን ያንሡ፣ ርዝመቱን ይመልከቱ። ሦስቱም ደኅና ሆነው ከተገኙ ብቻ ወደ ፊቱ ክብ ይሂዱ፤ ጥርሱ የሾለ፣ የተጣመመ ወይም ብሎኑ የላላ እንደ ሆነ ይመርምሩ። በዚህ ቅደም ተከተል የሚፈትሽ ሰው ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን የሚያገኘው ካቴናው ከወለቀበት ቦታ ርቆ ነው።