የወረርሽኝ ወቅት የገቢ ድጋፍና የምዕራብ ሸዋ ከተሞች

የኮቪድ 19 ወረርሽኝ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ከተረጋገጠ በኋላ መንግሥት የበሽታውን ስርጭት ከመግታት ጎን ለጎን የዜጎችን ገቢ ለመታደግ ልዩ ልዩ እርምጃዎችን ወስዷል። እርምጃዎቹ ለእነማን ደረሱ የሚለው ጥያቄ ግን እንደ አምቦ ላሉ ከተሞች ዛሬም ትኩረት የሚሻ ነው።

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም ሥራ ላይ የነበረው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳይቀንሱ፣ አከራዮችም ተከራይ እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ ከልክሎ ነበር። ሥራቸው ቢቆምም ደመወዝ መክፈል ለቀጠሉ ድርጅቶች የ4 ወራት የሥራ ግብር እፎይታ ተሰጥቷል። በከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት የታቀፉ ወገኖችም ከአካባቢ ልማት ሥራ ነጻ ሆነው የ3 ወር ክፍያ በቅድሚያ እንዲያገኙ ተደርጓል።

እነዚህን እርምጃዎች አንድ የሚያደርጋቸው በአብዛኛው ቀድሞ በደመወዝ መዝገብ፣ በኪራይ ውል ወይም በተጠቃሚነት ዝርዝር ለተያዘ ሰው የሚደርሱ መሆናቸው ነው። ሴፍቲኔቱ በመጀመሪያው ምዕራፍ 604 ሺህ ዜጎችን ለማቀፍ ታቅዶ በ11 ከተሞች የተጀመረ ሲሆን፣ አምቦ ከእነዚህ አንዷ አልነበረችም።

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙት አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደርና ጌዶ ንግዳቸው ከመንገዱና ከገበያ ቀን ጋር የተሳሰረ ነው። የክልሉ መንግሥት በመጋቢት 2012 ዓ.ም የሕዝብ ትራንስፖርት እንዲቆም ሲወስን፣ ለባጃጅ አሽከርካሪው፣ ለጫኝና አውራጁ እንዲሁም ለጉልት ቸርቻሪዋ የዕለት ገቢ መቋረጥ ማለት ነበር። ውል የሌለውን የቀን ሠራተኛ የሠራተኛ ቅነሳ ክልከላው ሊጠብቀው አይችልም። በመላ አገሪቱ የተካሄደው ማዕድ የማጋራት ዘመቻና የእድሮች መረዳዳት የሚመሰገኑ ቢሆኑም፣ በሰጪው አቅምና ፈቃድ ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው ቋሚ ዋስትና ሊሆኑ አይችሉም።

ክፍተቱን ለማጥበብ በዓለም ባንክ የ400 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ በ2013 ዓ.ም መባቻ የጸደቀው ሁለተኛው ምዕራፍ 83 ከተሞችንና 816 ሺህ ዜጎችን ለመድረስ ታቅዶ ነበር። ይሁንና የከተሞች ቁጥር መጨመር ብቻውን በቂ አይሆንም። በደህናው ጊዜ በድህነት መለኪያ የሚዘጋጅ ዝርዝር፣ ትናንት ሠርቶ ያደረና ዛሬ በእገዳ ምክንያት ባዶ እጁን የቀረ ሰውን አያካትትም።

ስለዚህ የቀበሌ አስተዳደሮችና የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች ከእድሮችና ከባጃጅ ማኅበራት ጋር በመሆን በዕለት ገቢ የሚተዳደሩ ነዋሪዎችን መዝግበው መረጃውን በየጊዜው ሊያድሱ ይገባል። ምዝገባው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ከተጀመረ ድጋፉ የሚዘገየው አንድ ቀን መዋል በማይችለው ቤተሰብ ላይ ነው።