“ሾተላይ” ከመባሉ በፊት፦ የክሮሞዞም ለውጥና የሚጨነግፉ ፅንሶች

ፅንስ በተደጋጋሚ የሚጨነግፍባት ሴት በኢትዮጵያ “ሾተላይ አለባት” መባሏ የቆየ ነገር ነው። ቃሉ ጥንት ልጅ የሚቀጥፍ መንፈስ መጠሪያ ነበር፤ ዛሬ በጤና ተቋማት ለእናትና ለፅንስ የደም ዓይነት አለመጣጣም ይውላል። በሁለቱም ትርጉሙ ግን ጣት የሚቀሰረው ወደ ሴቲቱ ነው። መንስኤው ከባልየው ሊመጣ እንደሚችል የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ከባልም ከሚስትም ሊመጡ ከሚችሉት መንስኤዎች አንዱ የክሮሞዞሞች ቦታ መለዋወጥ ነው። የሰው ልጅ 46 ክሮሞዞሞች እንዳሉት የተረጋገጠው እአአ በ1956 በወጣ ጥናት ነበር። ከ500 ሰዎች በአንዱ ገደማ ግን የሁለት ክሮሞዞሞች ቁራጮች ቦታ ተለዋውጠው ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ፍጹም ጤነኞች ናቸው፤ ልጅ ለመውለድ እስኪሞክሩ ድረስም አያውቁትም።

ነገሩ ባለብዙ ጥራዝ መጽሐፍን ይመስላል። የሦስተኛው ጥራዝ ገጾች በስህተት ከሰባተኛው፣ የሰባተኛውም ከሦስተኛው ጋር ቢጠረዙ፣ ሁሉንም ጥራዞች የያዘ ሰው አንድም ገጽ አይጎድልበትም። ወላጅ ግን ከእያንዳንዱ ጥንድ ለልጁ የሚያወርሰው አንዱን ብቻ ነው። የተዛባው ሦስተኛ ጥራዝ ከትክክለኛው ሰባተኛ ጋር ከተላለፈ አንዳንዱ ገጽ ይደገማል፣ ሌላው ይጎድላል። እንዲህ ያለው ፅንስ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጨነግፋል።

ሁለት ክሮሞዞሞች የሚጣበቁበት ሌላ ዓይነትም አለ፤ ከ1,000 ሰዎች በአንዱ ገደማ ይታያል፤ ባለቤቱም በቆጠራ 45 ክሮሞዞሞች ብቻ ይኖሩታል። ከተጣበቁት አንዱ 21ኛው ከሆነ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ የመወለዱ ዕድል ይጨምራል። በአንዳንድ ወንዶች ላይ ደግሞ ለውጡ የስፐርም ምርትን ይቀንሳል።

ይህ ማለት ግን ፅንስ የጨነገፈባቸው ሁሉ ችግራቸው ይኸው ነው ማለት አይደለም። ፅንስ በተደጋጋሚ ከሚጨነግፍባቸው ጥንዶች መካከል ለውጡ ከአንዳቸው ላይ የሚገኘው ከ2 እስከ 5 በመቶ በሚሆኑት ነው።

ለእነዚህ ጥንዶች የሚበጀው ዜና እአአ በ2006 ከወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት የተገኘ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ፅንስ ከጨነገፈባቸው ጥንዶች መካከል፣ ለውጡ ካለባቸው 83 በመቶው፣ ከሌለባቸው ደግሞ 84 በመቶው በጊዜ ሂደት ቢያንስ አንድ ጤናማ ልጅ አግኝተዋል። ለውጡ ያለባቸው ብዙ የጨነገፉ ፅንሶችን ማለፍ ነበረባቸው፤ በሩ ግን አልተዘጋባቸውም።

ይህ ቁጥር በምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ክብደት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እአአ በ2023 ይፋ እንዳደረገው፣ በዓለም ላይ ከስድስት አዋቂዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ የመካንነት ችግር ይገጥመዋል። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በኢትዮጵያ ከማህፀን ውጪ የማዳቀል ሕክምና እየተስፋፋ ነው፤ አዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም የመንግሥት ማዕከል ከፍቷል። በዚህ ሕክምና ፅንሱን ወደ ማህፀን ከማስገባት በፊት ክሮሞዞሙን መመርመር ይቻላል። ይህ ምርመራ የመጨንገፍ አጋጣሚን ሊቀንስ ቢችልም፣ በመጨረሻ ልጅ የማግኘት ዕድልን እንደሚያሳድግ የጸና ማስረጃ የለም። ዋጋው ግን ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይቀመስ ነው። ሀብቱን ሸጦ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚያስብ ጥንድ፣ ያለዚህ ሕክምናም የመውለድ ዕድሉ ሰፊ እንደሆነ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

መነሻው ቀላል ነው፦ የባልም የሚስትም ደም ተወስዶ ክሮሞዞሙ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አዳጋቹ ነገር፣ ከዋና ከተሞች ውጪ ምርመራውን የሚሠራ ላቦራቶሪ ማግኘትና ውጤቱን በሚገባ ቋንቋ የሚያስረዳ ባለሙያ ማግኘት ነው። ባልን ለምርመራ ማምጣትም ሌላ ፈተና ነው። ለውጡ ከተገኘ ደግሞ ጉዳዩ በጥንዶቹ አያበቃም፤ ከወላጅ የተወረሰ ሊሆን ስለሚችል፣ ገና ያላገቡ ወንድሞችና እህቶችም እንዲመረመሩ ይመከራል።